የዳሚት ጀርባ

ባልደራሱ የሚያዜመው ለፈረስ ነው። ሰው ሲሰማው ያፍራል። ባዝራዋ ዳሚት ስትሰማው ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ጅራቷን ወዝወዝ እያደረገች፣ እንደ ሙሽራ ትራመዳለች።

ሜዳው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነው፤ አሸዋ ለብሷል። አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ሕፃናት ለሕክምና ፈረስ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሁለት ረዳቶች ግራና ቀኝ የልጁን ጭን ደግፈው ይሄዳሉ፤ ባልደራሱ ገመዱን ይዞ ከፊት ይመራል፤ ይመራና ያንጎራጉራል፦

ቀስ በይ ዳሚት ቀስ በይ፣ ሂጂ በእርጋታ፣
የጫንሽው ዓይኔ ነው፣ እንዳይንገላታ።

«ባልደራስ፣ ይህን ዘፈን ባለቤትዎ ቢሰሙ ዳሚትን ያስፈቱዎታል!» ትለዋለች የሜዳው ሐኪም።

«ሰምታለች እኮ ዶክተር። ማታ ስገባ ‹ጣውንቴ እንዴት ዋለች?› ነው የምትለኝ።»

ዓይኔ የሚላት አንድያ ልጁ እሙዬ ናት። ስትወለድ አየር አጥሯት ነበርና እግሮቿ እንደ መቀስ ተቆላልፈው ቀሩ። እናቷ ልብስ ልታለብሳት ስትል ጉልበቶቿን ማላቀቅ የየዕለት ትግል ነው። ዳሚት ላይ ስትወጣ ግን የባዝራዋ ሙቀትና ውዝዋዜ ያን ቋጠሮ ቀስ እያለ ይፈታዋል። ወገቧ ይቀናል፣ አንገቷ ይቆማል፣ የዚያን ሌሊት ሳታለቅስ ታድራለች። አፏ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የሚወጣው ከኮርቻ ላይ ነው፦ «እንሂድ!»

እንግዲህ እሙዬ አደገች። ጡት አወጣች፣ ዳሌዋ ሰፋ፣ ክብደቷ ጨመረ። ዳሚት ደግሞ አረጀች፤ ወገቧ እንደ አሮጌ አልጋ ሰረጎደ። ሜዳው ሌላ ፈረስ የለውም፤ ይመጣል የሚባለውም ወሬ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ባልደራሱ ጋጣውን እየጠረገ ዜማውን ለወጠ፦

ልጅ ሲያድግ ደስታ ነው፣ ለሰው በየአገሩ፣
በእኔ ቤት ብቻ ነው፣ ለቅሶ መጀመሩ።

ሐኪሟ ሚዛን አስመጣች። «ከዚህ ካለፈች ይቅርታ፣ ባልደራስ። የፈረሷም ጀርባ ጀርባ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ እራት የሚያጎርሳት እሱ ሆነ። እናትየው መጀመሪያ ደስ አላት፤ ባሏ ለልጁ አንጀቱ የራሰ መሰላት። ውሎ አድሮ ግን የልጅቷ ጉንጭ ሲሟሽሽ አየች። አንድ ማታ ከበሩ ቆማ ስትመለከት፣ እሙዬ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ ትጠብቃለች፤ እሱ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ ይመልሳል።

«አንተ ሰውዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ጠግባለች።»

«አፏን ከፍታ?»

«እንዳትከለከል ብዬ ነው» አለ። «ከዳሚት ከወረደች ምን ይቀራታል?»

«በረሃብ ገድለህ በፈረስ ልታድናት? የአባት አእምሮ ነው ይሄ?» ሳህኑን ነጠቀችውና እያነባች ታጎርሳት ጀመር። እሙዬ ስስት የያዛት ይመስል ማንኪያውን በጥርሷ ያዘችው።

በማግስቱ ልጅቷን ይዞ ሜዳ ሄደ። ዳሚት መውጫው መድረክ አጠገብ እንደ ግንድ ቀጥ ብላ መቆም ልማዷ ነበር። ያን ዕለት ግን የእሙዬን ተሽከርካሪ ወንበር ስታይ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ስንት ልጅ ሲያንቃት፣ ጋማዋን ሲነጭ ያልሸሸች ፍጡር ናት።

«ታያታለህ አይደል?» አለ አንደኛው ረዳት።

«ብርድ ነው» አለ ባልደራሱ። ገመዱን ሳብ አደረገ። ዳሚትም መጣች፤ እሱ ጠርቷት ቀርታ አታውቅም።

እሙዬን አወጧት። የረሃቡ ነገር እዚያ ላይ ታየ፤ አንገቷ እንደ ጠወለገ አበባ ደረቷ ላይ ወደቀ፣ አልቀና አለ። ቃሏንም አላወጣችም። እሱ መዝፈን ጀመረ፤ ከኋላው ግን አሸዋውን የሚጎትት ኮቴ ሰማ። ዞር ሲል የዳሚት የኋላ እግሮች ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኗ እሱን ያያል። ልጁም ባዝራዋም በእሱ እጅ እያለቁ ነበር።

ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት እሱ ቀደማት። «አውርዷት» አለ። «ይብቃ።»

ዳሚት አሁንም ትሠራለች፤ ትናንሾቹን፣ ቀለል የሚሉትን ትሸከማለች። ባልደራሱም የሌሎችን ልጆች ጭኖ ይመራታል። ዓይኔ ነው የሚለውን ግጥም ግን ከአፉ የሰማ የለም። ሚስቱም ስለ ጣውንቷ መጠየቅ ትታለች።

እሙዬ ምግቧን በልታ ክብደቷ ተመለሰ፤ ቋጠሮውም አብሮ ተመለሰ። ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች።

አንድ እሑድ ባልደራሱ ከጋጣ የተጣለ ኮርቻ አምጥቶ ግቢው ውስጥ በተጋደመ በርሜል ላይ አሰረው፤ የዳሚት ጀርባ ይለብሰው የነበረውን አሮጌ ግላስም ከሥሩ አነጠፈ። ባልና ሚስት ተጋግዘው እሙዬን አወጧት። የግላሱ ሽታ አፍንጫዋ ሲገባ አንገቷ ቀስ እያለ ቀና አለ።

«እንሂድ!» አለች እሙዬ።

ባልደራሱ በርሜሉ ላይ የታሰረውን ገመድ ያዘ። «ቀስ በይ...» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣለትም።

«እንሂድ!»

በርሜሉ ብረት ነው፤ አይሞቅም፣ አይወዛወዝም። እሙዬ ጠበቀች። ጭኖቿ ቅዝቃዜው ሲሰማቸው ኮርቻውን ጨምድደው ያዙ፤ ቋጠሮው ወላጆቿ በዓይናቸው እያዩት ከረረ።

«ና አግዘኝ» አለች እናትየው። «እናውርዳት።»