ከማንጎው ሥር ያጣሁት ቦታ

ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለ የሙዝ እርሻ ስድስት ዓመት ቦይ ጠርጌአለሁ። እኛ ጠራጊዎቹ ምሳችንን ማንጎው ሥር ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ እኔን ፎርማን አደረጉኝ። በማግስቱ ማንጎው ሥር ስደርስ ሁሉም ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሳህኑ ገና አልተጋመሰም ነበር። «ሹመት ያዳብር» ያለኝ እንኳ የለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን በላሁ። ምን አጠፋሁ? ማንንም አልተቆጣሁ፤ የቀረ ሰው ስም አልመዘገብኩ። ኩርኩፋ፣ ያ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው የበቆሎ ድብልብል፣ ለብቻ ሲበሉት ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም ያወቅኩት ያኔ ነው። ቢቸግረኝ አንጋፋችንን፣ የዶርዜውን ጋሽ ኦይቻን፣ ቦዩ ዳር አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ኦይቻ፣ ምን በደልኳችሁ?»

«ምንም። ግን አንተ ልጅ፣ በእኛ አገር የተሾመ ሰው መጀመሪያ ያበላል። ጓደኛ እንዳንልህ ተሹመሃል፤ አለቃ እንዳንልህ አላበላኸንም። ምን ብለን እንጥራህ?»

ለካ ችግሩ ይሄ ብቻ ነው! ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እሑድ በግ አረድኩ፤ ቦርዴ አስጠመቅኩ። አንድም ሰው አልቀረም። በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። ጋሽ ኦይቻ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ።

ሰኞ ምሳዬን ይዤ ወደ ማንጎው እየሮጥኩ ሄድኩ። ሁሉም ብድግ አሉ። ከሳህኑ ራቅ ብሎ፣ ጥላው ደህና በሆነበት በኩል፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ የሙዝ ቅጠል ተነጥፏል።

«የእርስዎ ቦታ እዚያ ነው አለቃ» አሉኝ ጋሽ ኦይቻ፣ በሁለት እጃቸው እያመለከቱ። «ከእንግዲህማ ከእርስዎ ጋር ከአንድ ሳህን ብንበላ ነውር ነው።»