የአባ ኪሮስ ዕለት የተቆፈረው ቦይ

ጤናዬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ደባርቅ ገበያ ዳር ባለው የእናቷ ሱቅ ትቀመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ የወጣት ማዕከሉን በር ከፍታ የክበቡን አባላት ትሰበስባለች፤ ለሥራ በተቀጠረ ቀን ደግሞ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከቡይት ራስ ተራራ ሥር ወዳለችው መንደር በእግሯ ትወጣለች።

የወጣቶች ልማት ፕሮግራሙ ወደ አካባቢው ከመጣ ወዲህ በስብሰባ ፊት ቆሞ መናገርን፣ ዕቅድ ማውጣትንና ሰው ማስተባበርን ተምራለች፤ የክበቡም ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች። በዚህ ክረምት ክበቡ ያቀደው ከመንደሪቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለመቆፈር ነበር። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ቦረቦሩን በየዓመቱ እያሰፋው፣ እትዬ በለጠች የሚባሉ ብቸኛ ባልቴት ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበርና። ቦዩ በአንድ ቀን ተቆፈረ፤ ቀኑ ግን ነሐሴ ስምንት ነበር።

ለደባርቅ ሰው ነሐሴ ስምንት እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ለመንደሪቱ ግን አባ ኪሮስ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በረዶ እህላቸውን ሙልጭ አድርጎ በወሰደባቸው ጊዜ፣ ወር በገባ በስምንት አፈር ላይቆፍሩ፣ በሬ ላይጠምዱ ለታቦቱ ቃል ገብተዋል። ይህንንም ደርቤ የምትባል የመንደሪቱ ልጅና የክበቡ አባል ከዋዜማው ነግራት ነበር። ቀኑን ብታዛውሪው ምናለ ብትላት፣ ጤናዬ በሥልጠና የሰማችውን መለሰችላት፦ የተያዘ ዕቅድ በሆነው ባልሆነው አይታጠፍም። ደርቤም ሰብሳቢዋ ካለች ብላ በነጋታው አካፋዋን ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹ የፍልሰታን ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ፣ ወጣቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው አካፋቸውን ተሸክመው እየሳቁ ሲወርዱ አዩአቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ በረዶ ወረደ። ገብሱ ዛላ ይዞ ነበር። በረዶው ሁሉንም አልነካም፤ የዳገቱን ወገብ እንደ መቀነት ዞሮ አለፈ፤ በዚያ መቀነት ውስጥ ከወደቀው እርሻ ሁሉ ሰፊው ከመንደሪቱ ሽማግሌዎች የአንዱ፣ የአያ ታደለ ማሳ ነበር።

ማክሰኞ ደርቤ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአያ ታደለ ልጆች ስምሽን እያነሱ ነው። ለጊዜው አትምጪ» አለቻት። ጤናዬ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ስኳር ሁለት ጊዜ አሳስታ መዘነች። ከቤቱ ቆርቆሮ ላይ ጠብታ ባረፈ ቁጥር በረዶ ይሆን ብላ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር። ዱላ ፈርታለች፤ ከዱላው ይልቅ ደግሞ ግዝት ፈርታለች። የሚያወግዛት ሰው ፊት ምን ብላ እንደምትቆም ያስተማራት ሥልጠና የለም።

ረቡዕ አባ የሺዋስ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ላኩባት። ሱቁን ለእናቷ ትታ ወደ መንደሪቱ ወጣች። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥግ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሳትቀመጥ፣ «ልጄ፣ በሥልጠናው ላይ የበረዶ መመለሻውን አላስተማሯችሁም?» ሲሉ የተሳቀው ሳቅ ከቁጣ ይልቅ አስደነገጣት። አያ ታደለ ብቻ አልሳቁም። ቀና ብለውም አላዩአት።

ፍርዱ አጭር ነበር፤ በበዓሉ የተነሣው አፈር እሑድ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ልጆቻቸውም ከክበቡ እንዲወጡ። ጤናዬ ተነሣች።

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደርቤ ነግራኝ ነበር። ነገር ግን ቦዩ ከተደፈነ ጎርፉ ዘንድሮ እትዬ በለጠች ቤት ይገባል።»

አባ የሺዋስ ሽማግሌዎቹን ተመልክተው፣ «እንግዲያው ዋስ ጥሪ» አሏት። «ሁለተኛ በዓላችንን እንዳትሽሪ ከዚህ መንደር አንድ ሰው ይቁምልሽ። እሑድ ሳይደርስ ዋስ ካገኘሽ ቦዩም ክበቡም ይቆያል። በረዶው ከተመለሰ ግን ዋስሽም ካንቺ ጋር ይጠየቃል።»

ከኋላ እትዬ በለጠች ተነሡ። «እኔ አለሁላት» አሉ።

ጤናዬ ዞራ አየቻቸው። ክረምቱ ገና አልወጣም። በረዶው ቢደገም መንደሩ በእኚህ ሴት ላይ ሊያደርግ የሚችለው ታያት፤ የሚያርስላቸው፣ ቢታመሙ የሚጠይቃቸው እንደማይኖር። «እርስዎ አይሆኑም፣ እትዬ» አለቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ኩራቷ አልበረደላትም ሲሉ ሰማች። ያለ ዋስ ወረደች።

ሐሙስ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ከጎንደር ደውሎ፣ ነገሩ ይቅርብሽና ክበቡን ወደ ሌላ መንደር እንውሰደው አላት። መልካም ሰው ነው፤ ምክሩም ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ እስከ ማታ እሺ ልትለው ቃጥቷታል። ሆኖም እሑድ አካፋ ይዘው ቦዩን የሚደፍኑት እነዚያው የቆፈሩት ወጣቶች መሆናቸውን ስታስብ እሺታው ከአፏ አልወጣ አለ። ለእርሷ ዋስ ሊሆን የሚገባውንም ሰው ከረቡዕ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ስሙን ለራሷ መጥራት ነው የፈራችው። ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው ከቆመላት ሌላው የሚናገረው አይኖረውም።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ነጠላዋን አጣፍታ ከሱቁ ወጣች። እናቷ ወዴት ብለው ጠየቋት።

«አያ ታደለ ቤት። ዋስ የምጠራው እርሳቸውን ነው።»

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«እምቢ ካሉኝ እሑድ ቦዩን ራሴ እደፍነዋለሁ፤ እትዬ በለጠችንም ወደ እኛ ቤት አመጣቸዋለሁ» አለች፤ ወደ ዳገቱም መንገዷን ጀመረች።