ወንድሜ የተቀበረበት ስም

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ

የሄድኩት ለወንድሜ አርባ ነው። ተስፋዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ኖረ። ወባ ይዞት በአምስተኛው ቀን ሞተ። ቴሌግራሙ እኔ ዘንድ ሲደርስ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል፦ «ተስፋዬ አርፏል። በክብር ተቀብሯል። እድሩ።» የቀበሌያችን ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። «አገሩ የት ደርሷል፣ አንተ ገና ተዝካር ላይ ነህ» እያለ ያላግጥብኛል። እኔም የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዤ እየተመላለስኩ እጅ እነሳለሁ።

እኛ ካቶሊኮች ነን። አባታችን ጉራጌ አገር ሳለ ነው ካቶሊክ የሆነው፤ እኛም በዚያው ተጠመቅን። ስለዚህ ቴሌግራሙን ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ኮምቦልቻ አካባቢ የኛ ቄስ ለወራት እንዳልመጣ ወንድሜ ራሱ ጽፎልኝ ነበር። ታዲያ ማን ጸለየለት? የትስ ቀበሩት?

አውቶቡሱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሣ። አጠገቤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴትዮ ተቀምጣለች። ደሴ ልጇን ልትጠይቅ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዝታ በእፍኟ እየዘገነች ታካፍለኝ ጀመር። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን፤ ሳቃችንም ጨዋታችንም ደራ።

ከሚሴ ከመድረሳችን በፊት ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ከቦርሳዬ የጸሎት መጽሐፌን አውጥቶ ገለባበጠው።

«ጴንጤ ነህ?»

«ካቶሊክ ነኝ።»

«ያው ነው» ብሎ መለሰልኝ።

እሱ እንኳ አላናደደኝም፤ እሱ ታቦትንም መስጊድንም በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ነው። ያናደደችኝ ሴትዮዋ ናት። ተመልሰን ስንቀመጥ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች፤ ቆሎውም ከዚያ በኋላ ወደኔ አልመጣም። ሐርቡ ላይ በሃምሳ ሳንቲም ፓፓያ ገዝቼ ግማሹን ዘረጋሁላት። «ጠግቤያለሁ» አለች። ፓፓያውን ብቻዬን በላሁት፤ አልጣፈጠኝም።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ የተቀበሉኝ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ጢማቸውን ሒና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። «አብሽር መምህር፣ አላህ ጥናቱን ይስጥዎ» ብለው ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። ቤታቸው ገብተን ውኃ እንደጠጣሁ ያን ጥያቄዬን አወጣሁት።

«ማነው ጸሎት ያደረሰለት?»

«ቄስ አበጋዝ ናቸዋ። ኸቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው ያረፈው።»

«ካቶሊክ መሆኑን እያወቁ?»

ጋሽ ሰይድ ጢማቸውን ዳበሱ። ነገሩን የነገሩኝ ሳይሸሽጉ ነው። ቄሱ ከመቃብሩ አፍ ላይ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ። በስሙ ካልጸለዩለት ፍትሐቱ አይሆንም። ከእድርተኛው ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ካቶሊክ መሆኑን የሚያውቁትም ጋሽ ሰይድ ብቻ ናቸው። ካቶሊክ ነው ቢባል ደግሞ ቅጥሩ አይገባም። ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ወደ ፊት ወጥተው «ወልደ ሚካኤል ነው» አሉ። በወፍጮ ቤታቸው የሚሠራው ሰው የክርስትና ስም ነው፤ አፋቸው ላይ የመጣው እሱ ነው። «የንስሐ አባቱስ?» ቢባሉ «አዲሳባ ናቸው» አሉና «ወላሂ» ብለው ማሉ። የእድሩ ሴቶችም ማተቡ የጠፋ መስሏቸው ቀድመው ጥቁር ክር ፈትለው አንገቱ ላይ ማተብ አስረውለት ነበር።

ደሜ ፈላ። አንድ ሙስሊም፣ አንድን ካቶሊክ፣ በሰው ስም ኦርቶዶክስ አድርጎ ቀበረው። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ማን ፈቀደልዎት? አባታችን ያወጣለት ስም ፍራንቸስኮስ ነው። በዚህ ስም ስንቱ ሰድቦታል፣ ስንቱ ሥራ ከልክሎታል፤ አንድም ቀን አልካደውም። እናንተ አፉ ከተዘጋ በኋላ አስካዳችሁት።»

«ይቀመጡ መምህር» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ኮምቦልቻ ነው ይኸ። ፀሐዩን አይተውታል። ሬሳ ተሸክመን ቆመናል። እናንተ ክርስቲያኖች ተማክራችሁ እስክትስማሙ ልጁ ኸፀሐይ ላይ ይጠብቅ? ለመሐላዬ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ። የቀረውን አላህ ይጠይቀኝ።»

ከቁም ሳጥናቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። የወንድሜ መቁጠሪያ ነው፣ የተሰቀለው ጌታ ያለበት። ቄሱ እንዳያዩት ከእጁ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ፣ ደሴ

ስሙን ሳላስተካክል እንዳልመለስ ቆርጫለሁ። ነገ በአርባው ቀን ቤተ መቅደስ ውስጥ ስሙ ይጠራል፤ የሚጠራው ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነው። ቄስ አበጋዝ እግራቸውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክመው ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል ተባልኩ። ጋሽ ሰይድ «ብቻዎን አልሰድዎትም» ብለው ወፍጯቸውን ዘግተው ተከተሉኝ። በአንድ ብር ታክሲ ዳገቱን ወጣን። ታች ያወለቅነውን ሹራብ ላይ ስንደርስ መልሰን ለበስን፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከተማዋ ላይ ተደፍቷል።

ቄሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ነበሩ። መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምኩ። ከዚያ በቀጥታ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ የቀበሩት ወንድሜ ወልደ ሚካኤል አይደለም። ፍራንቸስኮስ ነው። ካቶሊክ ነበር።»

መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ጋሽ ሰይድን ነው። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«ሁለት ባሕርይ የምትሉት?» አሉ ቄሱ።

«በአንዲት ጥምቀት የምናምነው። እርስዎ በቅዳሴ ‹ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት› ይላሉ። እኛም በዚያው ግዕዝ እንላለን። ጥምቀት አንዲት ከሆነች ወንድሜ ከቅጥራችሁ ለመግባት ሌላ ስም ለምን አስፈለገው?»

«ይኸ ነገር እዚሁ ማዶ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በጉባኤ፣ በንጉሥ ፊት ተቆርጧል።»

«ያኔ የተቆረጠው የመነኮሳት ምላስ ነው አባቴ። ነገሩማ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።»

ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች። ቄሱ አልተቆጡም፤ ባለመቆጣታቸው ደግሞ እኔን ባሰብኝ።

«እሺ፣ እኔም ልጠይቅህ» አሉኝ። «ይህቺ ልጄ አንተ ሠፈር ብትሞት፣ እናንተ መቃብር ትገባለች?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

«ወንድምህ ሲታመም ቄስ ላክህለት?»

አልላክሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ራሴ እንኳ አንድ ጊዜ አልመጣሁም።

«እንግዲህ ስማ» አሉ እግራቸውን በሁለት እጃቸው እያነሡ። «ልትነግረኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ለሰበካ ጉባኤው መናገር ግዴታዬ ነው። እነሱ ደግሞ አጽሙ ይውጣ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ልታማክረኝ ከሆነ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። የቱ ነው?»

ነገሩ ገባኝ። ስለ ስሙ ስሟገት ወንድሜን ከጉድጓድ ላስወጣው ነው። ጥርሴን ነክሼ «ላማክርዎ ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያቃጠለችኝ የለችም።

«እንግዲያው እኔ የማውቀው ወልደ ሚካኤልን ነው» አሉና መስቀላቸውን እንደገና ዘረጉልኝ።

ቁልቁል ስንመለስ እስከ ኮምቦልቻ እየተብሰለሰልኩ ነበር። ጋሽ ሰይድ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ይቆጡ መምህር፣ ቁጣው ያምርብዎታል። ልጁን ግን አይቀስቅሱት።»

ሐሙስ፣ አርባው

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆሜ ረዳቱ ቄስ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሚካኤል» ሲሉ ሰማሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ መቁጠሪያውን ጨበጥኩ።

ከዚያ በእድሩ ድንኳን ውስጥ የማይረሳኝ ነገር ሆነ። በወሎ ደንብ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ፣ ድስቱም ለየብቻ። የሙስሊሙን ጋሽ ሰይድ አረዱ። የክርስቲያኑን ሊያርድ የተነሣው ሰው ቢላዋውን ወደኔ ዘረጋና «ወንድምየው እያለ እኔ አላርድም» አለ። ጋሽ ሰይድ ከማዶ አዩኝ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ አረድኩ። ማተባቸውን ያሰሩ ሁሉ የካቶሊክ እጅ ያረደውን በሉ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ሲሄዱም እጄን ጨብጠው ሄዱ። ቢያውቁ አንዳቸውም አይቀምሱትም ነበር። ልስቅም ላለቅስም ፈልጌ ነበር፤ ይበልጥ ግን ተናድጄ ነበር።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ዓርብ ተመለስኩ። እሑድ ደግሞ የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ ሄድኩ፤ እዚህ ስሙ በትክክል ይጠራለታል ብዬ። ከልጅነቴ የማውቃቸው ቆሞስ የሙታን መዝገባቸውን ገለጡ።

«ስም?»

«ፍራንቸስኮስ።»

«የት ተቀበረ?»

ሁሉን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«በነሱ ሥርዓት፣ በነሱ ማተብ፣ በነሱ ስም ከተቀበረ ወደነሱ ገብቷል ማለት ነው ልጄ። የቀበሩት ያስቡት። መዝገቡ ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

ያን ጊዜ ሆጤ ላይ የተጠየቅሁት ጥያቄ መልሱን አገኘ። የቄስ አበጋዝ ልጅ እዚህ ብትሞት አትገባም። ያውም እኛ የምናባርረው የገዛ ሰዋችንን ነው፤ ቄስ አበጋዝ እንኳ የእንግዳውን አጽም አላወጡም።

ከማክሰኞ ጀምሮ ያችን የሐሰት ስም ላስፍቅ ስዋጋ ነበር። አሁን ብዕሩን ከጠረጴዛው አነሣሁና በቆሞሱ መዝገብ ላይ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ «ፍራንቸስኮስ፣ ደግሞም ወልደ ሚካኤል።»

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«የመጀመሪያውን ያወጣለት አባቱ ነው። ሁለተኛውን ያወጣለት ሜዳ ላይ እንዳይቀር የማለለት ሰው ነው። ሰውየው ሦስት ቀን ጾሞበታል። ሁለቱንም ይጠሩታል አባ፤ እኔም እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።»