ሳይሞቅ የለካሁት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት ስቀርብ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ጾም መግደፌን እዘረዝርና እዚህኛው ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? "አባ፣ ሁለት ፕሮግራም ሳወዳድር አጭበረበርኩ" ልበል?

አዎ፣ አጭበርብሬያለሁ። እዚህ ኦስሎ፣ በአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ስሠራ ነው። አረጋውያንን ቤት ለቤት የሚጎበኙ ነርሶች በስልካቸው የሚከፍቱትን ድረ ገጽ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ልንሠራ ስለነበር ሥራው የሚቆምበት ዝግጁ ማዕቀፍ፣ እኛ ፍሬምወርክ የምንለው፣ መመረጥ ነበረበት። እኔ ዓመታት የሠራሁበትን አቀረብኩ፤ ሂሩት ቀለል ያለ አዲስ አቀረበች። ሂሩት ቢሮ እያጸዳች ሙያውን የተማረች፣ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ያገሬ ልጅ ነበረች። አለቃችን ነርሶቹ ደጅ ላይ ቆመው እንዲጠብቁ አልፈልግም፣ ፈጣኑን እንወስዳለን አለና መለካቱን ለእኔ ሰጠኝ።

ጃቫ እንደተነሳ ይንቀራፈፋል፤ ጥቂት ከሠራ፣ ከሞቀ በኋላ ነው የሚፈጥነው። ስለዚህ ሁለቱንም አሙቆ መለካት ግድ ነው። ሂሩትን ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በደንቡ ለካሁ። የእሷ ቀደመ። ደነገጥኩ። ትናንት የመጣች ልጅ ልትበልጠኝ ነው? ውጤቱን ሰረዝኩት። ከዚያ የእኔን አሙቄ፣ የእሷን ገና እንደተነሳ ለካሁ። እጄ አልሳተም። እኔው ነኝ፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።

በስብሰባው ላይ ሂሩት ያቀረብኩትን ግራፍ ቀና ብላ አየችው።

"አሙቀኸው ነው የለካኸው?" አለችኝ።

"እንዴታ" አልኳት።

አመነችኝ። አለቃችን ግን ምርጫዋ አያስተማምንም አለ፤ የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅም አሰናበታት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ቫይትቬት ሰፈር፣ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ አገኘችኝ። አሁን ባርነሃገ፣ እዚህ የሕፃናት መዋያ በሚሉት ቤት፣ ሕፃናት ትጠብቃለች። ትረግመኛለች ብዬ ስፈራ አቀፈችኝ።

"እግዜር ይስጥህ" አለች። "ያኔ አንተ ባትለካው ነርሶቹን ብርድ ላይ አስጠብቄ ነበር። ለዚያ ሥራ እንዳልተፈጠርኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ልጄም ይህንኑ ሙያ ካልተማርኩ ስትለኝ፣ ከእኔ አይተሽ ተዪው ብዬ የትምህርት ማመልከቻዋን አስቀየርኳት።"

ክው አልኩ። እስካሁንም ድንጋጤው አለቀቀኝም። እኔ የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አፌን ከፍቼ እውነቱን ተናገርኩ? አልተናገርኩም። "ልጅሽን ሰላም በያት" ብዬ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

ልጅነቴ ነው አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። እንጀራዬን እንዳላጣ ነው አልልም፤ ማንም ሊያባርረኝ አልነበረም። አንባቢዬ፣ አንተ ብትምረኝ ለእሷ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ የምልከው ለእሷ ነው።

ሂሩት፣ ያንቺን አላሞቅኩትም። መጀመሪያ ሁለቱንም አሙቄ ስለካ የቀደመው ያንቺ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ ለልጅሽ ንገሪያት።