በባትሪ የሚሄደው ወንበር

ሰሞኑን አንዲት እናት ልታማክረኝ ቤቴ መጣች። «ለልጄ በእጅ የሚገፋው ባለጎማ ወንበር ይሻላታል ወይስ በባትሪ የሚሄደው?» አለችኝ። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እሷን የጠየቃት ግን የለም። ደሜ ፈላ።

በልጅነቴ የያዘኝ በሽታ የሁለት እግሬንና የቀኝ እጄን አቅም ወሰደው። እናታችን ካረፈች በኋላ ማንኩሳ ዳር ታላቅ ወንድሜ አያሌው ቤት ኖርሁ። ባቄላ እፈለፍላለሁ፣ ጤፍ እለቅማለሁ። እንግዳ ሲመጣ ተሸክመው ጓዳ ያስገቡኛል።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ዳር ሁሉ እሸት በቆሎ ሲጠበስ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ወንበር ይታደላል ተባለና ወንድሜ በጋሪ ወሰደኝ። አዳዩ ሁለቱንም እንድሞክር ፈቀደልኝ። የሚገፋውን በግራ እጄ ብቻ ሳሽከረክረው እዚያው ዞረብኝ። የባትሪውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን ሄደ። ከሚታደልበት ግቢ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ደረስሁ። ማንም ሳይገፋኝ!

ወንድሜ ሮጦ ደረሰብኝ።

«ውረጂ! ቤታችን ባትሪ የሚሞላበት መብራት የት አለና ነው? የሚገፋውን እንወስዳለን።»

«መብራት ካለበት፣ ከዚሁ እቀራለሁ።»

«እህቱን ከተማ ላይ ጣላት ልታሰኚኝ ነው?»

«ጓዳ ስትጥለኝስ ምን ተባልህ?»

ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምለው። ያን ቀን «አንተ» አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። በሰው ፊት እጁን አነሳ፤ አልመታኝም፤ ጋቢዬን ግን ከትከሻዬ ገፎ ወሰደ።

«ከእንግዲህ እህት የለኝም» ብሎ በመጣበት ጋሪ ሄደ።

የባትሪውን ወንበር ይዤ ቀረሁ፤ ጠላ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አስጠጉኝ። መብራት ሲጠፋ ቤት እውላለሁ፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ይይዘኛል፤ አላፊ አግዳሚው ይስቃል። ቢሆንም ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ቀጥሎም ሥራ ያዝሁ። አያሌው ለገበያ ሲመጣ ካየኝ መንገድ ይሻገር ነበር።

አምና ሞተ። ለቅሶው ላይ ዘመዶቻችን ከበቡኝና «ይወድሽ ነበር፤ ይቅር በይው» አሉኝ። ሳይወደኝ አይቀርም። የወደዳት ግን ጓዳ የምትቀመጠዋን ያችን ልጅ ነው፤ እኔን አያውቀኝም። እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።