የመስዑድ አንዲት ስንኝ

መስዑድ ዕድሜውን ሙሉ የደንገል ታንኳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። በጣና ዳር እንደ እሱ አጥብቆ የሚያስር የለም ይባላል፤ ይህን ከሚሉት አንዱ ራሱ ነው። ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ባለቤቱ ተሸክሞ ያወጣና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። አዲስ ሲሠራ ደግሞ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆኖ ገመዱን ይስባል፤ ጉልበት እንዳይከዳም እየተቀባበሉ ግጥም ይወራወራሉ። ስንኟ ካማረች «የማን ናት?» ይባላል፤ ያወጣት ሰው በስሙ ይጠራል። የሌላውን ስንኝ የራስ ማድረግ እዚያ ሰፈር ሰው አጭዶ የከመረውን ደንገል እንደ መስረቅ ነው።

ልጁ ናኢማ እዚህ መሀል አደገች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ስለ ታንኳ ዘፈን ደረሰች፤ መምህርቷ ወንጌላዊትም ለቴሌቪዥን የልጆች የዘፈን ውድድር አስመዘገበቻት። ያለፈ ለፍጻሜው አዲስ አበባ ይሄዳል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ግጥሙም ዜማውም የልጁ ብቻ ይሁን፣ የትልቅ ሰው እጅ አይግባበት። ወንጌላዊት ይህን ስትነግረው መስዑድ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ አንዲት ስንኝ አስቀድሞ ጣል አድርጎላት ነበር። ደንቡን ለናኢማ ሳይነግራት ቀረ። ከዚያ ሁሉ ግጥም አንዲቷን ማን ይለያታል?

የቀረጻው ዕለት ናኢማ አሳምራ ዘፈነች። ከዳኞቹ አንዱ፣ አቶ ጥዑመ ልሳን፣ መርጠው መርጠው ያችኑ ስንኝ አነሡ።

«‹ስትረጥቢ ሸክሜ፣ ስትደርቂ እግሬ› ያልሻት ድንቅ ናት። ከየት አመጣሻት?»

«እሷስ የአባየ ናት» አለች ናኢማ፣ እንደ ሰፈሯ ወግ።

ዳኛው አባትየው አዳራሹ ውስጥ ካሉ እንዲነሡ ጠየቁ። መስዑድ ተነሣ። እውነቱን ቢናገር ልጁ እዚያው ትወድቃለች።

«ኧረ የሷው ናት! ልጅ አይደለች፣ እኔን ማክበሯ ነው» አለ እየሳቀ።

ሰዉ አጨበጨበ፤ ናኢማም አለፈች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ የማለፊያ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አጎንብሳ ታያለች። መስዑድ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች ያወራል፤ አንዱንም አይቶ አያውቅም። ፔዳ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ቀና ብላ አየችው።

«አባየ፣ እዚያስ ሲጠይቁኝ የማን ናት ልበል?»

«የኔ ናት በያቸው» ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣ አለው። አፈረ። ልጁ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

«መልሰን፣ ወንድሜ» አለው ባለባጃጁን።

አቶ ጥዑመ ልሳን ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ደረሱባቸው። መስዑድ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታየ፣ ስንኟን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቅድም የዋሸሁ እኔ፤ ልጂቱ እውነቷን ነው» አላቸው።

ዳኛው አዘኑ፤ ደንብ ግን ደንብ ነውና ወረቀቱን ተቀበሏት። ናኢማ ሁለት ቀን አለቀሰች። መስዑድም ሰው አላየውም እንጂ ደንገሉ መሀል ገብቶ አልቅሷል።

ዛሬ ስለ ውድድሩ የሚጠይቀው ሰው ካለ «ወደቀች» ይላል። ለምን እንደወደቀች ግን ጠያቂም አይጠብቅ፤ አፉን ሞልቶ፣ የራሱን ውሸት እንኳ ሳያስቀር ይተርከዋል።