ከአዛን በፊት የበላኋት ተምር

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው የጆሮ መሸፈኛዎቹን ከሚስማር ላይ እያወረድኩ ለሠራተኞች ሳድል አንድ ቀይ መሸፈኛ እጄ ላይ ቀረ። ጅማ ውስጥ ቡና በማሽን በሚበጠርበት መጋዘን የሠራተኞች ደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ ባጭሩ ሰው መነዝነዝ ነው። በአንድ ክንድ ርቀት ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ አድርገው እላለሁ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት አድርገው፣ ሳይጠፋ አታውልቀው እላለሁ። ይህን ማለት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ደክሞኛል። ቀዩን ሳየው ግን ሐሳቤ ጥሎኝ አጋሮ ሄደ።

ልጅ እያለሁ እንደዚህ ያለ ቀይ መሸፈኛ ቤታችን ነበር፤ መጫወቻችን ነበር። አባቴ አጋሮ ውስጥ የአንድ ቡና መፈልፈያ ማሽኒስት ነበር። ማሽኑን ሊጠግን ከአዲስ አበባ የመጣ መካኒክ ሲመለስ ለአባቴ ሰጠው፣ አባቴ ደግሞ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለዘሃራ ሰጠን። አንዳችን ጆሯችን ላይ አድርገን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን፣ ሌላዋ ከኋላ ስም ትጠራለች። ሰምታ የዞረች ተሸነፈች። በሳቅ እንፈርስ ነበር።

አባቴ ያላደረገው እቃውን ንቆት አልነበረም። ለእሱ ማሽን የሚነዳው በጆሮ ነው። ያልተፈለፈለው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ በደንብ ሳይደርቅ ሲገባ፣ ቀበቶው ሲላላ፣ ኩሽኔታው ዘይት ሲጎድለው ከድምፁ ያውቃል። ገበሬዎቹ ቡናቸውን አምጥተው እሱ ከሌለ ሳያስፈልፍሉ ይጠብቁት ነበር። እና ጆሮ ሸፍኖ ማሽን ማስነሳት ዓይን ሸፍኖ መኪና እንደ መንዳት ነበር የሚታየው። እናቴ ጩኸቱ አይጎዳህም ወይ ስትለው፣ "ኤዬ፣ መጀመሪያ ያመኝ ነበር። አሁን ጆሮዬ ለምዶታል" ይላታል። እኛም አባታችን ጎበዝ ስለሆነ የለመደ መሰለን።

ማታ ሲገባ ልብሱ ናፍጣና የጀንፈል አቧራ ይሸታል። ያንን ሽታ እወደው ነበር። እግሩን ታጥቦ ጋደም ሲል፣ "ቤት ውስጥ ፌንጣ ገብቷል፣ እስቲ ፈልጉልኝ" ይለናል። እኔና ዘሃራ ሳጥን ስር፣ ከጆንያ ኋላ፣ አልጋ ሥር በአራት እግራችን እንፈልጋለን። እሱ ይሰማዋል፣ እኛ አይሰማንም። አንድም ቀን ፌንጣ አላገኘንም፤ የሚጮኸው የገዛ ጆሮው እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ጆሮው እየደከመ መሆኑ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ ሲያልፋቸው ኮራብን አላሉም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ሰፈሩ የሚያወራውን ያልሰማነው እኛ ብቻ ነበርን።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ረመዳንን መጾም ጀመርኩ። ወቅቱ ጀንፈል በብዛት የሚገባበት ነበርና አባቴ ለአፍጥር የሚደርሰው ከማሽን ቤት እየሮጠ ነው። በሦስተኛው ቀን እኔና አባቴ ትሪው ፊት ትይዩ ተቀምጠናል። እናቴ ጓዳ ሳንቡሳ ትጠብሳለች፣ ሽታው አንጀቴን ይዞታል። አባቴ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አያነሳም። ስለሚወደኝ ነው ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ የሱሪውን አቧራ ሲያራግፍ አላስቻለኝም፣ አንዷን ተምር አፌ ውስጥ ከተትኩ። ቀና ሲል አፌ ሲያላምጥ አየ።

"ቢስሚላህ" ብሎ እሱም ተምር ጎረሰ፣ ውሃውን አነሳ።

እናቴ ሳህን ይዛ ብቅ አለች። "ሱብሃነላህ! አዛን ሳይል?" ብላ ጮኸች። ጀርባውን ሰጥቷት ነበር፣ መጠጣቱን ቀጠለ። መጥታ ትከሻውን ስትነካው ዞረና፣ "ምነው? ልጅቷ እኮ በልታለች፣ አዛን ብሏል" አለ። እሷ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። ልክ ያኔ የመስጊዱ አዛን በክፍቱ መስኮት ገባ፣ ቤቱን ሞላው።

አባቴ ፊቷን እያየ፣ "ታዲያ መቼ ነው የሚለው?" ብሎ ጠየቃት።

እኔን የተቆጣኝ ሰው አልነበረም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ተቀምጣ አለቀሰች። አባቴ ከእንባዋ ሁሉንም ተረዳ መሰለኝ፣ የተምሯን ፍሬ ቀስ ብሎ ትሪው ዳር አስቀመጠ። "ማሎ፣ አታልቅሺ፣ ቀዷ አወጣዋለሁ" አላት። ረመዳን ካለፈ በኋላም ያንን ቀን መልሶ ጾመ። ለጆሮው ግን መመለሻ አልተገኘም። በዓመቱ ኩሽኔታው ሲጮህ ሳይሰማ ቀርቶ ማሽኑ ተሰበረ፣ እሱም ወደ በር ጥበቃ ተዛወረ። ቀዩን መሸፈኛ ከዚያ ወዲያ አልተጫወትንበትም።

ዛሬ ቀዩን የሰጠሁት ለማሽኒስታችን ለጀማል ነው። ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። "እትዬ ሰአዳ፣ ወላሂ ጆሮዬ ለምዶታል" አለኝ። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! የተለመደውን ስብከቴን ተውኩት።

"ልጅ አለህ?" አልኩት።

"አንዲት ሴት። ዘንድሮ ጾም ጀምራለች፣ ማሻአላህ።"

የተምሯን ነገር ነገርኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጀማል መሬት መሬት እያየ ሰማኝ፣ ከዚያ መሸፈኛውን ወደ ጆሮው አወጣና ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ። ነገም ያደርገው እንደሆነ አላውቅም። ነገም እነዘንዘዋለሁ።

አባቴ አሁን እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ያኔ አንድ አዛን መጠበቅ ያቃተኝ ልጅ ዛሬ አርባ ሊሞላኝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስጮህ ውዬ እገባለሁ፣ ለእሱ ግን ብጮህም አይሰማኝም። ዛሬም ለአፍጥር ትሪው ፊት ትይዩ ተቀመጥን፣ ዓይኑን አፌ ላይ አደረገ። አዛኑ ሲጀምር ወዲያው አልጎረስኩም፣ ደግሜ አዳመጥኩ። ከዚያ እንዲያየኝ ብዬ ተምሯን ቀስ አድርጌ ጎረስኩ። እሱም ቢስሚላህ ብሎ አነሳ። በዚህ ሁሉ ዓመት "እውነት ብሏል?" ብሎ እናቴንም ሆነ ሌላ ሰው ጠይቆ አያውቅም። አንዴ ያሳሳተውን አፍ እስከ ዛሬ ያምነዋል።